ግራ የገባት

ግራኝ ናት ሞራግ። ገና በሰባት ዓመቷ
ግራ እጇን በሱፍ ክር ከወንበር አስራ መምህርቷ
«በቀኝሽ ጻፊ» አለቻት፤ ጻፈች፤ ተጣመመ ስሟ፣
ዛሬም ባንክ ቤት ስትፈርም ሰክሮ ይሄዳል ቀለሟ።

አርባ ዓመት ሱፍ መዳቢ ነበረች፤ በጣት ጫፍ የምታነብ
የያንዳንዱን በግ ክረምት፣ ጥጋቡንና ራብ።
አሁን ጡረታ ወጥታ፣ በሳውዝላንድ ሜዳ ጥግ
እሑድ እሑድ ትተኩሳለች፤ የብረት ዶሮ፣ የብረት በግ።

ጠመንጃው የወንድሟ ነው፤ መዝጊያው በቀኝ የዞረ፣
ለቀኝ ሰው የተሠራ፣ በቀኝ ሰው የተሞከረ።
አንድ ጥይት በተኮሰች ቁጥር ጉንጯን ከሰደፉ አንስታ፣
እጇን በላዩ አሻግራ፣ መዝጊያውን ስባና ገፍታ፣
በዓይኗ ዒላማውን እንደ ጠፋ ቁልፍ ትፈልጋለች፤
ሰዓቱ ይሮጣል፤ ፊሽካው ይነፋል፤ ትሸነፋለች።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ታማቲ ሱቅ ገባች፤ ግራ እጇን ይዛ፣ ገብቷት ግራ።

«ፓምፕ ነው ያንቺ መድኃኒት» አላት፣ «ግራም ቀኝም አይል፤
በደጋፊ እጅሽ ሳቢ፣ ግፊ፤ ቀለህ ወጥቶ ጥይት ይገባል፤
ጉንጭሽ ከሰደፉ አይነሳ፣ ዓይንሽ ከበጉ አይነቀል።»
ከዚያ በአረንጓዴ ብርድ ልብስ ላይ
ሦስቱን አስተኛቸው፤ ጎን ለጎን፣ ዝም እንዳሉ።

አንደኛው አዲስ፤ እንደ ሙሽራ ጫማ የሚያብረቀርቅ።
ምላጩን በባዶው ሳበችው፤ የዛገ በር ሆነባት፤ ጭርቅ።
«ይለሰልሳል» አለ ታማቲ።
«እኔ ስድሳ ሦስት ነኝ» አለችው፤ «ማን ይጠብቀዋል?»

ሁለተኛው ለሁለት ተፈትቶ ከሻንጣ የሚገባ፣
ልጅ እንኳ የሚሸከመው፤ ቀላል፤ እንደ ላባ።
በመስኮቱ አየች። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ዛፎች
በነፋስ ብዛት ጎብጠዋል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን፣
ከኋላ የተጠሩ ይመስል። «ዛፍ የሚያጎብጥ ነፋስ
ይሄንን ምን ያደርገዋል?» መልሳ አስቀመጠችው፤ በቀስታ።

ሦስተኛው አሮጌ ነው። መዶሻው ከውጭ የወጣ፣
እጀታው ሲነቀንቁት እንደ ላላ ጥርስ የሚንኳኳ፣
የሰደፉ ቀለም የተላጠ። ታማቲ ሊያነሳው ቃጣ፤
«ይሄ እንኳ ለጌጥ ነው፤ ግድግዳ ላይ...» አላስጨረሰችው።

ዓይኗን ጨፈነች። ሱፍ እንደምትመድብ፣
ጣቶቿን ላከች በእንጨቱ ላይ፤ ልታነብ።
በእጀታው በቀኝ ጎን፣ የአውራ ጣት ጎድጓዳ፤
በሰደፉም በቀኝ በኩል፣ የጉንጭ ላብ ያለሰለሰው ሜዳ።
እዚያ መሆን አልነበረባቸውም። በሁሉም ጠመንጃ
እነዚህ ምልክቶች በግራ ናቸው።

«የማን ነበር?»
«እኔ እንጃ። ከእርሻ ጨረታ ነው፤ ስም የለበትም።»
«ግራኝ ነበር» አለች።
ወይም «ግራኝ ነበረች»፤ ይህንን ጮክ ብላ አላለችም።

በአራት መቶ ዶላር ተስማሙ፤ አንድ ፓኬት ጥይት ምርቃት።

እሑድ፣ መቶ ሜትር ላይ፣ አምስት የብረት በግ ቆመዋል።
ሳበች፣ ገፋች፤ አንዱ ወደቀ። ሳበች፣ ገፋች፤ ቀለህ ሣሩ ላይ ይዘላል።
ሁለት። ሦስት። ጉንጯ ከእንጨቱ፣ የማታውቀው ሰው ጉንጭ ከነበረበት፣
አልተነሳም። አራት።
አምስተኛው ተመታ፤ ደወል መሰለ፤
ወደ ኋላ ዘመመ፣ አሰበ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። አለ።
ምን ታድርግ? ሃያ ሁለት ናት፤ እሳቷ ከጠርዟ፣
ከጥፍር ያነሰ እርሳስ ነው ስንቅ ጉዟ።
አርባ ዓመት የዘመዶቹን ጠጉር የመደበችው ሴት
በቆመው በግ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፤ ነፋሱ እስኪወስድባት።

የውጤቱን ወረቀት ሲሰጧት፣ እስክሪብቶውን
ከቀኟ ወደ ግራዋ አዛወረች።
ቀስ ብላ፣ ምላሷን ነክሳ፣ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ፈረመች።

መዝጋቢው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳ፤ አዘነበለው፤
«ይሄ ደግሞ» አለ፣ «የማን ነው?»